«ጾም ነዎት?»

የስኳር ክትትል በሚደረግበት ክፍል በር ላይ ከማለዳ ጀምሮ ደጋግሞ የሚሰማው ጥያቄ «ጾም ነዎት?» የሚለው ነው። ጥያቄው ሁለት ቃል፣ መልሱ አንድ ቃል ነው። መዘዙ ግን እስከሚቀጥለው ቀጠሮ ድረስ ሊከተል ይችላል።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ዘመዴን ይዤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ነጠላቸውን አጣፍተው የመጡ እናት ተራቸው ደረሰና ተጠየቁ። «እንዴታ ልጄ! ረቡዕ አይደለም እንዴ?» አሉ፤ መጠየቃቸው ራሱ ትንሽ ቅር ያሰኛቸው ይመስላል። የላብራቶሪዋ ልጅ ደማቸውን ቀድታ፣ ወረቀቱ ላይ «ኤፍቢኤስ» ብላ ጽፋ ቀጣዩን ጠራች። እናት ተመልሰው ሲቀመጡ ከጎናቸው ካለችው ሴት ጋር ወግ ጀመሩ። የነፍስ አባታቸው ስለ መድኃኒቱ ሲሉ ፈቅደውላቸው ጠዋት ጠዋት ሻይ በዳቦ ይቀምሳሉ፤ የፍስክ ነገር ግን በአፋቸው አይዞርም። ያን ቀንም ቀምሰው ነው የመጡት። ሴትዮዋ ይህን ስትሰማ ብድግ ብላ ሄዳ ለሲስተሯ ነገረችላቸው፤ ወረቀቱም ተስተካከለ።

እናት አልዋሹም፤ ጾማቸውንም አልሻሩም። ላብራቶሪው የሚፈልገው ግን ከ8 ሰዓት ላላነሰ ጊዜ ከውኃ በቀር ምንም ያልገባበትን ሆድ ነው፤ ቁጥሩም የሚነበበው በዚያ ሚዛን ነው። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ፣ ሌላ ቀን ሲደገምም ያው ከሆነ የስኳር ሕመም አለ ይባላል። ሕክምና ላይ ያለ ሰው ዳቦ በበላ በሰዓቱ 170 ቢገኝበት ብዙም አያስደነግጥም። በባዶ ሆድ የተገኘ 170 ግን ሐኪሙን መድኃኒት ሊያስጨምረው ይችላል፤ ያለቦታው የተጨመረ መድኃኒት ደግሞ ሌሊት ስኳርን አውርዶ ሰው ይጥላል። እኔ ብሆን «ዛሬ ከነጋ ምን ቀመሱ?» ብዬ ነበር የምጠይቀው። ለዚህ ጥያቄ «ሻይ በዳቦ» ብሎ የማይመልስ እናት የለም።

ካርዱ ላይ ኤፍቢኤስ ተብሎ የሚጻፈው እንግዲህ ይኸው የባዶ ሆዱ ነው። አርቢኤስ የሚባለው ሰዓት ሳይመረጥ በተገኘበት የተለካው ነው። አርቢኤስ 200 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ፣ ሰውየው ውኃ ውኃ የሚለው፣ ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ የሚነሣ፣ እየበላም የሚከሳ ከሆነ ሐኪሙ ብዙ ማስረጃ አይፈልግም። በየገጠሩ ሽንት የወደቀበት ቦታ ጉንዳን ሲሰበሰብ አይተው ነገሩን የጠረጠሩ ሰዎች እንደነበሩ ይነገራል፤ አስተዋዮች ነበሩ።

ወንበሩ ላይ የሚያዘው ጨዋታ አብዛኛው ቁጥር ነው። «አንቺ ስንት ሆነልሽ?» «መቶ ሠላሳ።» «ጎበዝ! እኔ ሁለት መቶ አርባ፤ ሰሞኑን ሠርግ ነበረብን።» ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው እንጀራውን በግማሽ ቀንሶ፣ ሻዩን ያለ ስኳር ጠጥቶ፣ ቁጥሩን አሳምሮ የሚመጣም አለ። ሐኪሙ ደስ ይለዋል፣ እሱም ደስ ብሎት ይወጣል፣ ማታውኑ ወደ ልማዱ ይመለሳል። ይህን የሚያጋልጠው ኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ ነው፤ ብዙ ሰው «የሦስት ወሩ» እያለ ይጠራዋል። ስኳር ቀይ የደም ሴል ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል፤ ከተጣበቀ በኋላ ሴሉ እስኪያረጅ ድረስ አይለቅም፤ የሴሉ ዕድሜ ደግሞ 120 ቀን ገደማ ነው። የጠዋቱ ቁጥር ዛሬ ከሱቅ የወሰድነው ዕቃ ከሆነ ኤዋንሲ የባለሱቁ የዱቤ ደብተር ነው።

ኤዋንሲ የሚነገረው በመቶኛ ነው። 6.5 ሕመሙ አለ የሚባልበት መስመር ነው፤ አብዛኛው ታማሚ እንዲደርስበት የሚፈለገው ከ7 በታች ነው። በዕድሜ ለገፉና ስኳራቸው ቶሎ ቶሎ ለሚወርድባቸው ሐኪሙ መስመሩን ላላ ያደርግላቸዋል። 7 ማለት ያለፉት ወራት አማካይ 154 አካባቢ ነበር ማለት ነው፤ 9 ማለት ደግሞ 212 አካባቢ። «ኤዋንሲዎ ዘጠኝ ነው» ሲባሉ «ዘጠኝ ብቻ? ተመስገን!» ያሉ አባት አይቻለሁ። ሁለት መቶ አርባ ለለመደ ጆሮ ዘጠኝ ምን አላት? ሐኪሙ ቀጥሎ ያላቸውን የሰሙት በዚያ ደስታ ውስጥ ሆነው ነው፤ አልሰሙትም ማለት ይቀላል። የደም ማነስ ያለበት ሰው ላይ ኤዋንሲ ሊዛባ እንደሚችልም ማወቅ ደግ ነው። «ደም ያንሰኛል» የሚል ሰው ይህን ለሐኪሙ ቀድሞ ይንገር።

ከውጭ ሀገር የሚደወል ስልክ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ለንደን ያለች እህት «ዛሬ ጠዋት ሰባት ሆነብኝ» ብላ ስትጨነቅ፣ አዲስ አበባ ያለ ወንድሟ «ሰባት? ሰው በሰባት ቆሞ ይሄዳል እንዴ?» ብሎ ይደነግጣል። በእንግሊዝ፣ በስዊድን፣ በኖርዌይና በካናዳ ስኳር የሚለካው በሚሊሞል በሊትር ነው፤ በእኛ ሀገርና በአሜሪካ በሚሊግራም በዴሲሊትር። ማስታረቂያው 18 ነው። ሰባት በ18 ሲባዛ 126 ይሆናል፤ እህት የተጨነቀችው ልክ ወሰኑ ላይ ሆና ነው። ኤዋንሲም በእንግሊዝ በሌላ ቁጥር ይነገራል፤ የእኛ 6.5 የእነሱ 48 ነው። ከዚያ በስጦታ የመጣ የስኳር መለኪያ እናት እጅ ሲገባ እንግዲህ «አሥራ አራት» ብሎ ያሳያቸዋል። 250 ገደማ መሆኑን ማን ይነግራቸዋል? መለኪያው ደግሞ ከራሱ ስትሪፕ በቀር ሌላ አይቀበልም፤ ይዘውት የመጡት ስትሪፕ ሲያልቅ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ለወላጁ መለኪያ የሚልክ ልጅ ከመግዛቱ በፊት እዚህ ሀገር ፋርማሲ የትኛው ስትሪፕ እንደሚገኝ ቢያስጠይቅ ይሻላል። ሰዓቱንም አይርሳ፤ ከዋሽንግተን ደውሎ «በስምንት ሰዓት ይወጉ» ያላቸው እናት በሐበሻ አቆጣጠር ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከተወጉ ስድስት ሰዓት ዘግይተዋል።

ይህ የቃል ጉዳይ በደንብ የገባቸው ሰዎች እስራኤል ውስጥ አሉ። ከኢትዮጵያ የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ሀገራቸው ሳሉ ስኳር የሚባለውን ብዙም አያውቁትም ነበር፤ እዚያ ዓመታት ሲቆዩ ግን ሕመሙ በዛባቸው። «ጤና ብሪዑት» የተባለው ድርጅት የእኛን «ጤና» እና የዕብራይስጡን ጎን ለጎን አድርጎ ስሙ ላይ አስቀምጧል። ከሥራዎቹ አንዱ ሐኪምና ታማሚ ሲገናኙ በስልክ በአማርኛ ማስተርጎም ነው። የልጅ ልጅ ለአያቱ ሲያስተረጉም የሚያፍረውንና የሚዘለውን ነገር ለሚያውቅ ሰው የዚህ ጥቅም ግልጽ ነው።

«የትኛው ዓይነት ስኳር ነው ያለብዎት?» ሲባሉ «የክኒኑ» ወይም «የመርፌው» ብለው የሚመልሱ ብዙ ናቸው። ኢንሱሊን የምታመነጨው ቆሽት ናት፤ ብዙዎቻችን የምናስታውሳት ተናደን «ቆሽቴ አረረ» ስንል ብቻ ነው። ታይፕ 1 ላይ የሰውነት የራሱ መከላከያ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን የቆሽት ሴሎች ያጠፋቸዋል፤ ስለዚህ ያለ መርፌ መኖር አይቻልም። ታይፕ 2 ላይ ኢንሱሊን አለ፣ ሰውነት ግን በደንብ አይታዘዝለትም፤ ዓመታት ሲያልፉ መጠኑም ያንሳል። ለዚህ ነው በክኒን የጀመረ ሰው በኋላ መርፌ የሚጨመርለት። ዓይነቱ አልተቀየረም፤ «ታይፕ ዋን ሆንኩ» ብሎ የሚያዝን ሰው ካለ ይህን ይወቅ።

ሌላም ዓይነት አለ፤ እሱ ለእኛ ቅርብ ነው። «ስኳር የሀብታም በሽታ ነው» ሲባል እየሰማን አድገናል፤ የጎንደርና የጅማ ሐኪሞች ግን ከገጠር የሚመጡ ቀጫጭን፣ ወጣት፣ ኢንሱሊን የሚያስፈልጋቸው ገበሬዎችን ሲያክሙ ዘመናት አስቆጥረዋል። ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘው ይህ ስኳር እ.ኤ.አ. በ1985 በዓለም ጤና ድርጅት ምደባ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ በ1999 ወጣ። በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን «ታይፕ 5» ብሎ ዕውቅና ሰጠው። በልጅነቱ ጠግቦ ያልበላ ሰው ስኳር አለብህ ሲባል «እኔ? በምን ጣፋጭ?» ብሎ ይገረማል፤ መገረሙ ትክክል ነው፤ መልስም ይገባዋል።

ወደ መርፌው እንመለስ። «ኢንሱሊን ከተጀመረ አለቀ» የሚለው ፍርሃት በየቤቱ አለ፤ ሰው ሐኪሙ ፊት እሺ ብሎ ቤቱ ሲደርስ ብልቃጡን ይደብቃል። እ.ኤ.አ. በጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ ኢንሱሊን መጀመሪያ የተወጋው ሊዮናርድ ቶምሰን የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ያኔ የነበረው ሕክምና ምግብ መከልከል ስለነበር ልጁ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ነበር። ከመርፌው በኋላ 13 ዓመት ኖረ። የኢንሱሊኑ የባለቤትነት መብት ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የተላለፈው በ1 ዶላር ሂሳብ ነው። ይህ ነገር ለሰው ልጅ እንዲደርስ የተፈለገው እንዲህ ነበር፤ ዛሬ በየፋርማሲው «አልቋል» የሚለው ቃል ሲሰማ የሚያንገበግበኝም ለዚህ ነው።

ኢንሱሊን የሚቆጠረው በዩኒት ነው። መጀመሪያ ዩኒት ስንት እንደሆነ የተወሰነው በጾመ ጥንቸል ላይ ሲሆን፣ መድኃኒቱ የጥንቸሉን ስኳር ምን ያህል እንዳወረደ እየታየ ነበር። አሁን አብዛኛው ብልቃጥ በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ይይዛል፤ መርፌውም ክዳኑ ብርቱካናማ የሆነው የ100 መርፌ ነው። ቀይ ክዳን ያለው የ40 መርፌ ከተገኘ ነገሩ ይበላሻል። በቀዩ መርፌ 20 የሚለው መስመር ድረስ የቀዳ ሰው የተወጋው 50 ዩኒት ነው። እጥፍ ብቻ አይደለም፤ ከእጥፍም በላይ ነው። ስለዚህ «ሃያ ተወጋ» የሚለው ትእዛዝ መርፌው ሳይታይ ሙሉ አይደለም። አንዲት ሲስተር ይህን ስታስተምር አይቻለሁ፤ ብልቃጡንና መርፌውን አጠገብ ላጠገብ ይዛ፣ ደመናማውን ኢንሱሊን ሳትንጥ በሁለት መዳፏ መካከል ቀስ ብላ አንከባለለችና መርፌውን ለታማሚው ሰጠችው። «አሁን እርስዎ ይቅዱልኝ» አለችው። ሲቀዳ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አየሯ እስክትወጣ ድረስ አልለቀቀችውም።

ፍሪጅ የሌለው ሰው ያልተከፈተውን ብልቃጥ የት ያስቀምጥ? ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚፈለገው፤ መቀዝቀዝ እንጂ በረዶ መሆን የለበትም፤ በረዶ የነካው ኢንሱሊን ይጣላል። የተከፈተው ከፀሐይና ከምድጃ ርቆ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። በሞቃት አካባቢ የሚረዳው ሸክላ ነው፤ ትልቁ ማሰሮ ውስጥ አነስተኛ ማሰሮ አስገብቶ መካከሉን እርጥብ አሸዋ መሙላት፤ ውኃው እየተነነ ሲሄድ ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። እናቶቻችን ውኃን በእንስራ ሲያቀዘቅዙ የኖሩበት ዘዴ ነው።

ስለ ምግብ ስንመጣ ሐኪሙ «ካርቦሃይድሬት ይቀንሱ» ይላል፤ ታማሚው ስኳርና ማር ብቻ ይቀንሳል። ቃሉን ለማቅለል የፈለገ ደግሞ ሁላችንም ትምህርት ቤት የተማርነውን ያወጣል፤ ኃይል ሰጪ፣ ሰውነት ገንቢ፣ በሽታ ተከላካይ። «ኃይል ሰጪ ይቀንሱ።» ቀኑን ሙሉ ሲያርስ የሚውል ሰው፣ ሕመሙም ያደከመው ሰው፣ ኃይል ሰጪ ቀንስ ሲባል ምን ይሰማዋል? ኃይልህን ቀንስ የተባለ ያህል ነው። ይልቅ በሚበላው ትሪ ላይ ቢያሳዩት ይገባዋል። ከጎመኑና ከሰላጣው ግማሽ፣ ከምስሩ ወይም ከሥጋው ሩብ፣ እንጀራው ሩብ። ጤፍ ብረትም ቃጫም አለው፣ ደግ እህል ነው፤ እንጀራው ግን ስኳር ሆኖ ደም ውስጥ ይገባል። «ጤፍ ስለሆነ አይነካኝም» ማለት አያዋጣም። ከአንድ ትሪ በጋራ ስንበላ ስንት እንደጎረስን አናውቅም፤ ለጉርሻ እምቢ ማለት ደግሞ ከባድ ነው። ቤተሰቡ አውቆ ቢያግዝ ታማሚው በየማዕዱ እየተሟገተ አይበላም።

ሁለት ቃላት ግን ከሁሉም በላይ ያሰጉኛል፤ ሃይፖና ሃይፐር። ለጆሮ መንትያ ናቸው፤ የሚጠይቁት ነገር ግን ተቃራኒ ነው። ሃይፖ ስኳር ሲወርድ ነው፤ ከ70 በታች። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ ከዚያ መቀባጠር። መንገድ ላይ የሆነበት ሰው ሰካራም ተብሎ ታልፏል። ሃይፐር ሲወጣ ነው፤ ቀስ ብሎ በሰዓታትና በቀናት ይመጣል። ለወረደው ስኳር ይሰጣል፤ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ በውኃ በጥብጦ አጠጥቶ፣ 15 ደቂቃ ጠብቆ እንደገና መለካት፤ አሁንም ከ70 በታች ከሆነ መድገም። ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ ይታነቃል፤ ወደ ሆስፒታል ማሮጥ ነው። በረመዳን የሚጾም ታማሚም ከ70 ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ያን ቀን እንዲያፈጥር ነው የሚመከረው።

መለኪያው ራሱ ደግሞ አንዳንዴ ቁጥር ትቶ ይጽፋል። ስኳሩ መሣሪያው ሊለካው ከሚችለው በላይ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ላይ ከ600 በላይ፣ መስኮቷ ላይ በእንግሊዝኛ «ሃይ» የሚሉ ሁለት ፊደላት ይወጣሉ። ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ ሰላምታ መስሎት ሊያልፈው ይችላል፤ ባትሪው አለቀ የሚልም ይኖራል። እነዚያ ሁለት ፊደላት «አሁኑኑ ሐኪም ቤት» ማለት ናቸው። በተለይ ታይፕ 1 ያለበት፣ ኢንሱሊኑን ያቋረጠ ሰው ማስመለስ ከጀመረ፣ ትንፋሹ ከፈጠነና የበሰለ ፍራፍሬ የሚመስል ሽታ ካለው ኬቶን ተጠራቅሞበታል። ሐኪሞቹ ዲኬኤ ይሉታል፤ ነገ አይባልም። ጸበል የሚሄድ ሰው መርፌውንም ይዞ ይሂድ፤ ጸበሉ መድኃኒት ጣል አይልም።

ደግሞ «ኖርማል ነው» የሚል ቃል አለ፤ ደስ የሚል ቃል። ታማሚው ግን ብዙ ጊዜ «ድኛለሁ» ብሎ ይሰማውና ሜትፎርሚኑን ይተወዋል፤ በሚቀጥለው ቀጠሮ ቁጥሩ ሰማይ ነክቶ ይመጣል፤ ሐኪሙ ይቆጣል፤ እሱም ያፍርና ቀጠሮውን ይተዋል። «ኖርማል የሆነው መድኃኒቱን ስለወሰዱ ነው፤ ይቀጥሉ» ማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ግማሽ ደቂቃ በሰልፍ ብዛት ማጣት ያሳዝነኛል፤ ሐኪሞቹም ስንት ሰው በአንድ ጠዋት እንደሚያዩ ስለማውቅ እነሱን ብቻ መውቀስ አልችልም።

የመጨረሻው ቃል ኒውሮፓቲ ነው፤ ሰው «ነርቭ» እያለ ይጠራዋል። ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግርን ነርቭ ይጎዳል፤ መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ይወጋል፣ ከዚያ ይደነዝዛል። ሲደነዝዝ ሰውየው ተሻለኝ ይላል፤ የባሰው ግን ያኔ ነው፤ ሚስማር ቢወጋው፣ ጫማ ቢልጠው፣ የሞቀ ውኃ ቢያቃጥለው አያውቅም። ምርመራው ቀላል ነው፤ በ10 ግራም ግፊት የምትጎብጥ ቀጭን የናይለን ክር መርገጫው ላይ ይነካሉ፣ ታማሚው ዓይኑን ጨፍኖ «አዎ» ይላል ወይም ዝም ይላል። ቤት ውስጥም ማታ ማታ መርገጫን በመስታወት ማየት፣ ካልተቻለ የቤት ሰው እንዲያይ ማድረግ፣ ጫማን ከማጥለቅ በፊት አራግፎ በእጅ መዳሰስ ይገባል። ሐኪም ቤት የእግር ምርመራው ሲታለፍ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ሐኪሙ ይቸኩላል፣ ታማሚው ካልሲው ያሳፍረዋል፣ «እግርዎን ያሳዩኝ» የሚል ሰው ይጠፋል። ስለዚህ ለዘመዴም ለሌላውም የምለው አንድ ነው፤ ስማችሁ ተጠርቶ ወደ ሐኪሙ ስትገቡ ሳትጠየቁ ጫማችሁንም ካልሲያችሁንም አውልቁ።